የእናቱ ቅባት አልሞተም፦ ስለ ትንንሽ መድኃኒቶች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ጋ ደረሰ። የላከልኝ አብሮኝ የተማረ ፋርማሲስት ነው። «አንብበውና ደውልልኝ» አለኝ። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ከመደወል መጻፍ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ጸሐፊው የጅማ ልጅ ነው። ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ማደጉን ይነግረናል። እናቱ ከራስጌዋ የማትለያት አንዲት ትንሽ የቅባት ቆርቆሮ ነበረች። ጉንፋን ሲይዘው ደረቱን፣ ምች ሲመታው ግንባሩን ትቀባው ነበር። አድጎ ያንኑ ቅባት ሲገዛ ሽታው ሌላ ሆነበት። ገልብጦ ሲያየው የአምራቹ ስም ተቀይሯል። ከዚህ ተነስቶ አምስት ነገር ይላል። ትንሽ የመድኃኒት ስም በትልቅ ኩባንያ ከተገዛ አለቀለት። የመንግሥት ቁጥጥር የሚያንቀው ትንሹን ነው። ቀመሩ ከተቀየረ ተጭበርብረናል። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ጉዳት ስለሌለው ምዝገባ አያስፈልገውም። መጨረሻ ላይ ደግሞ የጅማ ወጣት ፋርማሲስቶችን ይመክራል፤ በራሳችሁ ስም ምርት ለማውጣት አትድከሙ፣ ወይ ይውጧችኋል ወይ ይዘጉባችኋል ይላቸዋል።

ስለ እናቱ የጻፈው ልቤን ነክቶታል። እኔም ጅማ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። ባዶ ቆርቆሮ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው «ይቺን የመሰለች» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የኔም ጉዳይ ነው። ግን ከአምስቱ ነጥቦች በአራቱ አልስማማም። በአንዱ ግማሽ መንገድ አብሬው እሄዳለሁ።

«ከተገዛ አለቀለት» ለሚለው

ፓናዶልን እንውሰድ። እዚህ ከተማ ራሱን ያመመው ሰው «ፓናዶል ስጠኝ» ይላል። የምሰጠው የሌላ ፋብሪካ ፓራሲታሞል ቢሆንም እሱ የሚጠራው ያንን ስም ነው። ፓናዶል እንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ባለቤቱ ስተርሊንግ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በ1988 ስተርሊንግን ኮዳክ ገዛው። አዎ፣ የፎቶ ፊልሙ ኮዳክ። ስድስት ዓመት ይዞት ቆየና በ1994 ሸጠው። ፓናዶል ወደ ስሚዝክላይን ቢቻም ሄደ። በ2000 ይህ ኩባንያ ከግላክሶ ጋር ተዋህዶ ግላክሶስሚዝክላይን ተባለ። በ2022 ደግሞ ያለ ማዘዣ የሚሸጡት ምርቶች ተነጥለው ሄልዮን የሚባል ሌላ ኩባንያ ሆኑ። አንድ ስም፣ አምስት ባለቤት። በዚህ ሁሉ መሃል ፓናዶል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልቀነሰም።

ጸሐፊው ወንድሜ «ፓናዶል ድሮም ትልቅ ነው፣ እኔ ያልኩት ስለ ትንሹ ነው» ይለኝ ይሆናል። እሺ፣ ከትንሹ እንጀምር።

ላንስፎርድ ሪቻርድሰን የሚባል ፋርማሲስት ነበር። ከተማው ግሪንስቦሮ ነው፤ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሚገኝ፣ ያኔ ከዋና ዋናዎቹ ከተሞች የማይቆጠር ቦታ። መድኃኒት ቤት ነበረው። እዚያው እየቀመመ የቤት መድኃኒቶች ይሸጥ ነበር። ከነሱ አንዱ ሜንቶል፣ ካምፎርና የባህር ዛፍ ዘይት ያለበት የደረት ቅባት ነው። ቪክስ የሚለውን ስም የወሰደው ሐኪም ከነበረው ከአማቹ ከዶክተር ጆሹዋ ቪክ ነው። በኋላ ልጁ ሥራውን ሲረከብ ሌሎቹን መድኃኒቶች ትቶ ቅባቱን ብቻ ያዘ። በ1918 የኅዳር በሽታ ብለን የምናውቀው ወረርሽኝ ዓለምን ሲያዳርስ የቅባቱ ሽያጭ በአንድ ዓመት ከ900 ሺህ ዶላር ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ዘለለ። ሪቻርድሰን ራሱ በ1919 አረፈ። ቤተሰቡ ኩባንያውን እስከ 1985 አቆየው፤ በዚያ ዓመት ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ገዛው። ዛሬ ከተገዛ አርባ ዓመት ሆኖታል። ቪክስ ግን ዛሬም በየመደብሩ አለ፤ ከኔ መደርደሪያም ጠፍቶ አያውቅም።

አንድ ልጨምር። ታይለኖል የሚባለው ፓራሲታሞል የፊላደልፊያ የቤተሰብ ድርጅት ምርት ነበር። ድርጅቱ ማክኒል ይባላል። በ1955 ለልጆች ሽሮፕ ሆኖ ወጣ፤ ያኔ በማዘዣ ብቻ ነበር የሚሸጠው። በ1959 ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ማክኒልን ገዛው። በማግስቱ ዓመት ያለ ማዘዣ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በ1982 መከራው መጣ። ቺካጎ አካባቢ አንድ ሰው የታይለኖል ካፕሱል ውስጥ ሳያናይድ ጨምሮ ወደ መደርደሪያ መለሰ። ሰባት ሰው ሞተ። ገዳዩ እስካሁን አልተያዘም። ኩባንያው ወደ 31 ሚሊዮን ብልቃጥ ከገበያ ሰበሰበ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ያለው መድኃኒት ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ የስሙ ነገር አበቃለት ብሎ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ግን አብዛኛውን ገበያውን አስመለሰ። ያንን ኪሳራ ትንሿ ማክኒል ብቻዋን ብትሆን ኖሮ የምትችለው አይመስለኝም።

ተገዝተው የጠፉ ስሞች የሉም አልልም። አሉ። ገዢው ተመሳሳይ ምርት ካለው አንዱን ይተዋል። ወይም ቀመሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ የነበረ ሰው ሽጦ ይሄዳል፣ የሚተካው አያገኝም። እኔ የማየው ልዩነት ይህ ነው። ስሙን የሚያቆመው የባለቤቱ ማንነት አይደለም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ነገር ሳጥኑ ውስጥ መኖሩ ነው። ያ እንደሆነ ደግሞ በወረቀት የሚያስረዳና ተጠያቂ የሚሆን ሰው መኖሩ ነው። ገዢ ዋጋ የሚከፍለው ለዚያ ወረቀትና ለዚያ እምነት ነው።

«ቁጥጥሩ የሚያንቀው ትንሹን ነው» ለሚለው

ግማሽ መንገድ አብሬው የምሄደው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የማልስማማበትን ልናገር። በ1937 በአሜሪካ ቴነሲ የሚገኝ አንድ የመድኃኒት ድርጅት ሰልፋኒላማይድ የሚባለውን የኢንፌክሽን መድኃኒት በፈሳሽ መልክ አወጣው። ማሟሚያው ዳይኢታይሊን ግላይኮል ነበር። ለሰው መርዝ ነው። ጣዕሙን፣ ቀለሙንና መዓዛውን አይተው ሸጡት። ይመርዝ እንደሆነ የፈተሸ ሰው አልነበረም፤ ሕጉም አያስገድድም። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ከነሱ መካከል ልጆችም ነበሩ። መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ ይረጋገጥ የሚለው የ1938ቱ ሕግ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ድሮ የቀረ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ጋምቢያ ውስጥ ስለተገኙ አራት የልጆች ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ወደ 70 የሚሆኑ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት ሞተው ነበር። በሽሮፖቹ ውስጥ የተገኘው ያው ዳይኢታይሊን ግላይኮልና ዘመዱ ኢታይሊን ግላይኮል ነው። በመሃሉ 85 ዓመት አለፈ፣ መርዙ ግን ያው ነው። የሳልና የትኩሳት ሽሮፕ ለልጅ እናት በእጄ ስሰጥ ይህን ሳላስብ የሰጠሁበት ቀን የለም።

ቁጥጥር ትንሹን የሚያግዝበት መንገድም አለ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ1972 ያለ ማዘዣ የሚሸጡትን መድኃኒቶች በጅምላ መመርመር ጀመረ። እያንዳንዱን ምርት ለየብቻ ሳይሆን ንጥረ ነገሮቹን በየወገናቸው ነው ያያቸው። የትኛው ንጥረ ነገር፣ በምን ያህል መጠን፣ በምን ዓይነት የሳጥን ጽሑፍ ቢሸጥ ደኅና ነው የሚለውን ወሰነ። ያንን ተከትሎ የሚሠራ አምራች ለምርቱ አዲስ የፈቃድ ማመልከቻ አያስገባም። ለትንሽ አምራች ትልቅ ማቃለያ ነው። በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ጥናት ራሱ እንዲያሠራ አይጠየቅም።

አሁን ወደምስማማበት ልምጣ። ክፍያ ከአቅም ጋር ካልተመዘነ ትንሹን ይጎዳል። በኮቪድ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ የአልኮል መጥመቂያዎች ለሕዝብ ብለው ሳኒታይዘር ሠሩ። በ2020 መጨረሻ «መድኃኒት አምራች ናችሁና 14,060 ዶላር ክፈሉ» ተባሉ። ጩኸት ሆነ። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር በቀናት ውስጥ አነሳላቸው። ወንድሜ ይህን ቢያነሳ ኖሮ እኔም አጨበጭብለት ነበር።

እኛም ጋ ችግሩ አለ። መድኃኒት አገር ውስጥ ከመሸጡ በፊት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። አሁን የሚሠራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ለምዝገባ የሚቀርበው ዶሴ ወፍራም ነው። ሚሊዮን ጥቅል ለሚያመርተውም አምስት ሺህ ለሚያመርተውም የዶሴው ልፋት ብዙም አይለያይም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወረቀት ጎደለ ተብሎ መመለስ ስንት ቀንና ስንት ብር እንደሚበላ የደረሰበት ያውቀዋል። ክፍያው በምርቱ መጠን ይመዘን፣ ለትንሹ አምራች የሚያማክረው ሰው ይመደብለት ቢባል አብሬ እፈርማለሁ።

ግን ዶሴው ራሱ ይቅር ማለት ሌላ ነገር ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዶሴው ውስጥ መድኃኒቱ በሙቀትና በእርጥበት ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚያሳይ ክፍል አለ። ብዙ ሰው ይህን የቢሮ ጣጣ አድርጎ ያየዋል። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ግን እንደዚያ አይልም። ክረምት ላይ አንድ የአስፕሪን ብልቃጥ ክዳኑ ላላ ብሎ ከሰነበተ በኋላ ክፈቱትና አሽቱት። አቼቶ ይሸታል። እርጥበቱ አስፕሪኑን ስለሚያፈርሰው ነው። ከሚወጣው አንዱ አሴቲክ አሲድ ነው፤ እሱ ደግሞ የአቼቶ ሽታ ራሱ ነው። ያ ፈተና ያልተደረገለት መድኃኒት ደረቅ አገር ተሠርቶ እዚህ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ፈተናው የሚጠብቀው እዚህ ጭቃ የምንረግጠውን እኛን ነው።

«ቀመሩ ከተቀየረ ተጭበርብረናል» ለሚለው

ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ይህ ነው። ጽሑፉ ውስጥም ብዙ ሰው የተቀበለው ይህን ይመስለኛል። ቀመር መቀየር ክህደት ተደርጎ ቀርቧል። እኔ ደግሞ ትንሽ ስም ዕድሜ ያገኘው ብዙ ጊዜ በመቀየሩ ነው እላለሁ።

ኤክስ-ላክስ የሚባል የሆድ ድርቀት መድኃኒት አለ። ከሃንጋሪ ሄዶ ኒው ዮርክ የተቀመጠ ማክስ ኪስ የሚባል ፋርማሲስት በ1906 ጀመረው። ቸኮሌት አስመስሎ ሠራው። ልጆች እሺ ብለው ይበሉት ነበር። የሚሠራው ንጥረ ነገር ፌኖልፍታሊን ነው። ኬሚስትሪ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ቤዝ ሲነካው ሮዝ የሚሆነው ነው። ሰው ለዘጠና ዓመት ዋጠው። በኋላ ስሙን የስዊዘርላንዱ ሳንዶዝ ገዛው። ሳንዶዝም ከሲባ-ጋይጊ ጋር ተዋህዶ በ1996 ኖቫርቲስ ተባለ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1997፣ ፌኖልፍታሊን በአይጦች ላይ ዕጢ ማስከተሉን የሚያሳይ ጥናት ስለተገኘ ኤፍዲኤ ከገበያ ሊያወጣው ተነሳ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የመድኃኒቱ ዋና ነገር ተነሳ። ስሙ ምን ሊሆን ነው? ኩባንያው ፌኖልፍታሊኑን አወጣና በምትኩ ሴና አስገባ። ሴና ማለት እኛ ሰናመኪ የምንለው ነው። እናቶቻችን ከኤክስ-ላክስ በፊት የሚያውቁት ቅጠል። ስሙ እንዳለ ነው፣ ሥራውም እንዳለ ነው፣ ውስጡ ግን ተቀየረ። ለበላተኛው የትኛው ይሻል ነበር? የድሮው ጣዕምና የድሮው ሥጋት፣ ወይስ አዲሱ? እኔ ባንኮኒ ላይ ሆኜ የማንን ደህንነት እንደምመርጥ ግልጽ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከቀመር ይልቅ የቃል ነገር ነው። ካርተርስ ሊትል ሊቨር ፒልስ የሚባል እንክብል ነበር። ትርጉሙ «የካርተር ትንንሽ የጉበት እንክብሎች» ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረ ነው። ነገር ግን ለጉበት ምንም አያደርግም፤ ሆድ የሚያስኬድ መድኃኒት ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1943 ከሰሰው። ክርክሩ 16 ዓመት ፈጀ። በ1959 ኩባንያው ተረታና «ጉበት» የምትለውን ቃል ከስሙ አወጣ። ካርተርስ ሊትል ፒልስ ሆነ። አንድ ቃል ቢወጣም ምርቱ አልሞተም። ሐሰቱን ጥሎ በእውነቱ ቀጠለ።

በተቃራኒው ያልተቀየረ ምን እንደሚገጥመው እያየን ነው። ፌኒሌፍሪን ያለባቸው ለአፍንጫ መታፈን የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ። በመስከረም 2023 የኤፍዲኤ አማካሪ ኮሚቴ 16 ለ 0 ድምፅ ሰጠ፤ በአፍ ሲወሰድ አይሠራም አለ። በኅዳር 2024 ኤፍዲኤ ይህ ንጥረ ነገር ለዚህ አገልግሎት ከተፈቀዱት ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ልብ በሉ፣ አደገኛ ነው አላለም። አይሠራም ነው ያለው። ገንዘቡን ከፍሎ የማይሠራ ነገር የዋጠው ሰው ነው የተጭበረበረው፤ ውስጡ የተቀየረለት ሰው አይደለም።

ወደ ወንድሜ ቆርቆሮ ልመለስ። የቅባቱን ስም አልጠቀሰም፤ እኔም ገምቼ የማንንም ስም አላነሳም። ስለ ሽታው ግን የምለው አለ። ሜንቶልም ካምፎርም የሚተኑ ነገሮች ናቸው። ሽታቸው የሚመጣውም ስለሚተኑ ነው። ክዳኑ በደንብ ያልተዘጋ ቅባት፣ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ ከርሞ ከሆነ የተሸጠለት፣ ማንም ሳይቀይረው ሽታው ይደክማል። ሌላም አለ። የመርካቶውን ቆርቆሮ ሁሉ እውነተኛ አድርጎ መውሰድ አይቻልም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የልጇ ደረት ቆዳ ቀልቶና ተላልጦ ይዛልኝ መጣች። የቀባችውን አሳየችኝ። የታወቀ ስም ይመስላል። በደንብ ሲነበብ አንድ ፊደል ተለውጧል። ባች ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተው የሚለይበት ቁጥር፣ የለውም፣ የአምራች አድራሻ የለውም፣ መቼ እንደተሠራ አይታወቅም። ከየት እንደገዛችው ጠየቅኳት። ከአዟሪ ነው አለችኝ። ማንን እንጠይቅ? የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ያዘንኩት ሐዘን አሁንም አለ። ስም ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ቢያንስ ዱካው አለ። ዱካ የሌለው ስም ነው የሚያስፈራኝ።

«ጉዳት ስለሌለው ምዝገባ አያስፈልገውም» ለሚለው

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ያለ ማዘዣ ማለት ያለ መጠን ማለት አይደለም።

ፓራሲታሞል ለአዋቂ ሰው በቀን ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ የ500 ሚሊግራሙ ስምንት ፍሬ ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ፓራሲታሞል ተቀላቅሎ አለ። አንዱን ለጉንፋን፣ አንዱን ለራስ ምታት ብሎ ሁለቱንም የሚውጥ ሰው በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ሳያውቀው እጥፍ እየወሰደ ነው።

የደረት ቅባቱም እንዲሁ ነው። ካምፎር ቆዳ ላይ ሲቀባ ሌላ፣ ሲዋጥ ሌላ ነው። ትንሽ ልጅ ከዋጠው ያንቀጠቅጠዋል። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የካምፎር ዘይት ከገበያ የወጣው ሰዎች ከሌላ ዘይት ጋር እያምታቱ ለልጆች ስላጠጡት ነው። በቅባትም ቢሆን ካምፎሩ ከ11 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቪክስ ራሱ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሁን ብሎ ይጽፋል። እኛ አገር ግን በሻይ አሟሙተው የሚጠጡ አሉ። አፍንጫ ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። «እማማ፣ ይህ ለውጭ ነው እንጂ ለውስጥ አይደለም» እያልኩ ስንት ጊዜ እንደለመንኩ አልቆጥረውም። «ዳማከሴውንስ በአፍንጫዬ አደርገው የለ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ የለመዱትን ነው ያደረጉት። ሳጥኑ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ በትልቁ ቢጻፍላቸው ግን ከኔ ልመና ይልቅ ያ ይጠብቃቸው ነበር። እንዲጻፍ የሚያስገድደው ደግሞ ያው ቁጥጥር ነው።

«አትድከሙ» ለሚለው

ይህ ነጥብ ነው ብዕር ያስያዘኝ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ፋርማሲስት የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት አለው። የመድኃኒት ጥራት የሚመረምር ላቦራቶሪም አለው። ከዚያ የወጣ ልጅ ይህን ጽሑፍ አንብቦ «በቃ፣ ሌላው ከውጭ ያመጣውን እሸጣለሁ» ብሎ እንዲቀመጥ አልፈልግም። የግሪንስቦሮው ሰው ያኔ የነበረው አንድ መድኃኒት ቤትና የሚቀምምበት ቦታ ነበር። እኛ ዛሬ ከዚያ የሚሻል ነገር አለን።

ከልቤ የምላቸውን ልንገራቸው። ስማችሁን ከምርታችሁ በፊት አስመዝግቡ። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ እየታደሰም ይቀጥላል። ይሸጣል፣ ይተላለፋል። ትልቁ ኩባንያ ሲመጣ ያልተመዘገበ ስም ላይ ከዋጋ አይደራደርም፤ ዝም ብሎ የሚመስለውን ስም ያወጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የማውቀው ልጅ ለሳሙና የፈጠረውን ስም ሌላ ሰው አስመዝግቦበት ቁጭ ብሎ አልቅሷል።

ከዚያ መዝገብ ያዙ። እያንዳንዱ ባች መቼ ተሠራ፣ ጥሬ ዕቃው ከየት መጣ፣ ማን መዘነ፣ ማን ፈተነ፣ ለማን ተሸጠ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ኢንስፔክተር ሲመጣ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ገዢ ሲመጣም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ችግር ሲፈጠርም የትኛውን ባች ከየትኛው ቤት መሰብሰብ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

የራሳችሁ ፋብሪካ የላችሁም ብላችሁ አትቁሙ። ፈቃድ ያለው ፋብሪካ ውስጥ በራስ ስም ማስመረት በዓለም የተለመደ ነው። አንድ ነገር ምረጡ። የሪቻርድሰን ልጅ ሌሎቹን ሁሉ ትቶ አንዱን እንደያዘው። የጅማ ገበሬ ቡና ሲለቅምና ሲሸከም ወገቡን ያመዋል፤ ለዚያ የሚሆን በደንብ የተመዘነ፣ በደንብ የተዘጋ፣ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈበት ቅባት የሚጠብቅ ሰው ጅማ ዙሪያ ካሉት ከሴካም ከማናም በየገበያ ቀኑ ይመጣል። እኔ ጋ መጥቶ «ጠንከር ያለ የለህም?» ይለኛል። የምሰጠው ከሩቅ የመጣውን ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ቢገዟችሁ ይግዟችሁ። ለመሸጥ የሚበቃ ነገር ሠርታችኋል ማለት ነው። ስትሸጡ ውሉ ላይ ምን እንደሚቆይ አስጽፉ፤ የስሙ አጻጻፍ፣ የሳጥኑ ማብራሪያ ቋንቋ፣ ጅማ ላይ የሚቀጠረው ሰው። ይህ ከመሸጥ በፊት የሚነገር እንጂ ከሸጡ በኋላ የሚለመን አይደለም።

ለወንድሜ አንድ ነገር ልበለው። የእናቱን ቆርቆሮ እስካሁን እንዳስቀመጣት ጽፏል። ይዟት ይምጣ። አዲሱንም ይግዛ። ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን ጀርባቸውን እናነባለን። የካምፎሩን መጠን፣ የሜንቶሉን መጠን፣ ባች ቁጥሩን፣ ቀኑን። ተቀይሮ ከሆነ የተቀየረውን በጣቴ አሳየዋለሁ። ለምን እንደተቀየረ ሳጥኑ ካልነገረን የአምራቹ አድራሻ እዚያው ላይ አለ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን። እናቱ በሕይወት ካሉም ይምጡ፤ ሽታውን ከኛ ይበልጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።